የሰፈራችሁ ፕላን ሳይጸድቅ፦ በአካባቢ ልማት ፕላን ረቂቅ ላይ አስተያየት እንዴት ይሰጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር መልሶ ሊለማ፣ ሊሻሻል ወይም አዲስ መንገድ ሊገባለት ሲታሰብ የሚዘጋጅለት ሰነድ የአካባቢ ልማት ፕላን ይባላል። ባለሙያውም ነዋሪውም አሳጥሮ ኤልዲፒ ይለዋል። አጥራችሁ ከመንገዱ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በቦታችሁ ላይ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሜዳ ሆኖ መቅረት አለመቅረቱ የሚወሰነው በዚህ ሰነድ ነው። ግሬደር ሰፈር ሲገባ የሚነሣው ጩኸት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ዋጋ ያለው አስተያየት ሰነዱ ገና ረቂቅ ሳለ፣ በጽሑፍ፣ ካርታው ላይ በጣት የሚጠቆም ቦታ ጠቅሶ የቀረበ አስተያየት ነው። በአዳራሽ የተነገረ ምሬት እውነት ቢሆንም እንኳ ከአዳራሹ አልፎ አይሄድም። ፕላን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ማታ ቢሮው ተመልሶ ካርታውን ሲያስተካክል የሚጠቅመው «ሕዝቡ ተማሯል» የሚል ማስታወሻ ሳይሆን የትኛው መስመር ለምን መነሣት እንዳለበት የሚነግረው ወረቀት ነው።

የምጽፈው አዲስ አበባን በማሰብ ነው። ሕጉ አገር አቀፍ ስለሆነ ግን ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ደሴ ለሚኖር ሰው ከመሥሪያ ቤቶቹ ስም በቀር አብዛኛው ያገለግላል።

በቅድሚያ የትኛው ፕላን እንደሆነ ለዩ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በከተማ ደረጃ ሁለት ዓይነት ፕላኖችን ያውቃል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ከተማዋን በሙሉ ይሸፍናል፣ ዘመኑም 10 ዓመት ነው። የአዲስ አበባው ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ የሚመለከት ሲሆን ከከተማዋ መሬት 40 በመቶውን ለግንባታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ የቀረውን 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ የመደበው እሱ ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ይህኛው መዋቅራዊ ፕላኑን አንድ ሰፈር ላይ አውርዶ ይዘረዝራል፦ የአገልግሎት ዓይነት፣ የመኖሪያ ቤቶች ዓይነት፣ የቦታ ሽንሸና፣ የሕንፃ ከፍታ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የትራንስፖርት አደረጃጀት፣ ክፍትና አረንጓዴ ቦታዎች፤ ሰፈሩ የሚታደስ፣ የሚሻሻል ወይም የይዞታ ሽግሽግ (የግቢዎች ወሰን እንደገና መደልደል) የሚደረግበት መሆኑንም ይናገራል።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ተግባራዊ ምክንያት ነው። በሰፈራችሁ አጠገብ የሚያልፈው ዋና መንገድ ስፋት የተወሰነው በመዋቅራዊ ፕላኑ ከሆነ፣ በሰፈር ውይይት ላይ ሁለት ሰዓት ብትከራከሩበት የምታገኙት መልስ «ይህ ከእኛ በላይ ነው» የሚል ነው። መልሱም ሐሰት አይደለም። የውስጥ መንገዶች አቅጣጫና ስፋት፣ የሕንፃ ከፍታ፣ የክፍት ቦታ አመዳደብ፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚለማ ግን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ጉዳዮች ናቸው። ጉልበታችሁን እዚህ ላይ አውሉት። በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ያላችሁን ቅሬታ ደግሞ በተለየ ወረቀት ያዙት፤ ዘመኑ የሚያበቃው በ2019 ስለሆነ ለክለሳው የሚሆን ግብዓት ነው።

ወደ ስብሰባ ከመሄዳችሁ በፊት ለወረዳው ይህን አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «ለውይይት የሚቀርበው ሰነድ ምንድን ነው? ገና ረቂቅ ነው ወይስ የጸደቀ? የሚያጸድቀውስ ማን ነው?» የጸደቀ ከሆነ ስብሰባው ውይይት ሳይሆን ማስታወቂያ ነውና አካሄዳችሁም ይለያል።

የምትቆሙበትን ሕግ እወቁ

ረጅም የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ ሦስት ነጥቦች ይበቃሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 በአካባቢ ደኅንነት ጉዳይ ተመሳሳይ መብት ይሰጣል፤ ወንዝ ዳር ላለ ሰፈር ጠቃሚ ነው። የፕላን አዋጁ ራሱም የኅብረተሰቡን ተሳትፎ፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከመሠረታዊ መርሆቹ መካከል አስቀምጧል። እነዚህን በደብዳቤያችሁ መግቢያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱና እለፉ። ሦስት ገጽ የሕግ ጥቅስ ያለበት ደብዳቤ የሰፈሩን ጉዳይ ይሸፍነዋል።

ረቂቁን ከስብሰባው በፊት እጃችሁ አስገቡ

ጥሪው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በወረዳው ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ በብሎክ አመራሮች ወይም ድምፅ ማጉያ በተሰቀለበት መኪና ነው። ነዋሪው ካርታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሲበራ ነው፤ ጽሑፉ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር አይነበብም። በዚህ ሁኔታ ቁም ነገር ያለው አስተያየት መስጠት የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

የምትጠይቋቸው ሰነዶች እነዚህ ናቸው፦ የነባራዊ ሁኔታ ካርታ፣ የታቀደው የመሬት አጠቃቀም ካርታ፣ ስፋት የተጻፈበት የመንገድ አውታር ካርታ፣ የሕንፃ ከፍታ ካርታ፣ እንዲሁም የፕላኑ ማብራሪያ ጽሑፍ ከአፈጻጸም ምዕራፎቹ ጋር። ብዙ ሰው «ምን ሊሠራ ነው?» የሚለውን ብቻ ለማየት ስለሚጓጓ የነባራዊ ሁኔታ ካርታውን ችላ ይለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት እሱን አንብቡ እላለሁ። ባለሙያው መፍትሔ የሚያበጀው በዚያ ካርታ ላይ ለሰፈሩት ነገሮች ነው። የዕድራችሁ ቤት፣ ቦኖው፣ የመስጊዱ ጓሮ በር፣ የሕፃናት መዋያው፣ ጠዋት ጠዋት የሚተከለው ጉሊት እዚያ ካልተመዘገቡ ፕላኑ እንደሌሉ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። «ባዶ ቦታ» ተብሎ የተቀባው መሬት በክረምት ጎርፉ የሚተኛበት ሜዳ ሊሆን ይችላል። በነባራዊ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ስሕተት ደግሞ ለማሳረም ከሁሉ የቀለለ ነው፤ አስተያየት ሳይሆን ማስረጃ ስለሆነ ማንም ሊከራከረው አይችልም።

ጥያቄያችሁን በቅድሚያ ለወረዳው፣ ካልሆነም ፕላኑን ለያዘው የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለከተማዋ ፕላንና ልማት ቢሮ አቅርቡ። በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱበትና ያዙት። ማኅተም የሌለበት ቅጂ ከአንድ ወር በኋላ «አልደረሰንም» ሲባል መከላከያ አይሆናችሁም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ ደብዳቤያችሁ ውስጥ ጥቀሱት። የውይይቱ ቀን ከ30 ቀን በፊት ከሆነ ይህንንም ጻፉና ቀኑ እንዲራዘም በዚያው ጠይቁ።

ቅጂ አንሰጥም ከተባለ ካርታው በተሰቀለበት ቦታ ፎቶ አንሡ። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ አራቱን ማዕዘን ለየብቻ፣ በመጨረሻ የቀለማት መፍቻውን፣ መስፈርቱን (ስኬሉን) እና በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ቀን። ቀኑ ያስፈልጋችኋል፤ ኋላ ሁለተኛ ረቂቅ ሲመጣ የትኛው ከየትኛው እንደተለወጠ የምታውቁት በዚህ ነው።

ቤታችሁን ካርታው ላይ አግኙ

ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ካርታ መስፈርቱ 1 ለ2000 ከሆነ በካርታው ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 20 ሜትር ነው። ይህ የሚሠራው ግን በትክክለኛው የወረቀት መጠን ለታተመ ካርታ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ4 አሳንሶ ያተመላችሁን ካርታ በማስመሪያ ለክታችሁ «መንገዱ 10 ሜትር ነው» ብትሉ ትሳሳታላችሁ። ካርታው ጥግ ላይ ያለውን እንደ ማስመሪያ የተከፋፈለ መስመር ተጠቀሙ፤ እሱ ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚያድግ አይዋሽም።

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያላችሁ ሰዎች የግቢያችሁ ማዕዘናት ኤክስና ዋይ ተብለው በቁጥር ተጽፈውላችኋል። እነዚህን ቁጥሮች በፕላኑ ኅዳግ ላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር አገናኙና ነጥቡን አስቀምጡ። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በካርታችሁ ላይ ያሉት ቁጥሮች የተሰሉት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን የስልካችሁ አቅጣጫ ጠቋሚ የሚጠቀመው በሌላ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አዲስ አበባ ላይ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ስልኩን ግቢያችሁ ውስጥ ከፍታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር በቀጥታ ፕላኑ ላይ ብታስቀምጡት ቤታችሁን ጎረቤት ሰፈር ታገኙታላችሁ። በዚህ ምክንያት ብቻ በከንቱ የደነገጡም፣ በከንቱ የተረጋጉም አሉ። ወይ ቁጥሩን የሚቀይርላችሁ ቀያሽ ፈልጉ፤ አለዚያም ስልኩን ትታችሁ በካርታችሁ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ።

ካርታ የሌላችሁ፣ በቀበሌ ቤት የምትኖሩ ወይም ሰነድ አልባ ይዞታ ያላችሁ ሰዎች ከማይንቀሳቀስ ምልክት ተነሡ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ድልድይ፣ የትምህርት ቤት ማዕዘን የመሰለ ነገር ፕላኑ ላይ ፈልጉና ከዚያ በሜትር እየለካችሁ ወደ ቤታችሁ ድረሱ። በፕላን ላይ አስተያየት ለመስጠት ባለካርታ መሆን እንደማያስፈልግ አትርሱ፤ ሕገ መንግሥቱ የሚናገረው ስለ ዜጋ እንጂ ስለ ባለይዞታ ብቻ አይደለም።

ሰፈሩን ከካርታው ጋር ዙሩት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረቂቁን፣ የ50 ሜትር መለኪያና እስክሪብቶ ይዛችሁ ውጡ። ማን እንደሚሄድ አስቡበት። የጥንቱን የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት፣ አንድ ወጣት፣ ቢገኝ በዊልቸር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀስ ሰው። አራቱም በአንድ ቅያስ ሲያልፉ የሚያዩት ነገር የተለያየ ነው፤ ወጣቱ ያላስተዋለው ደረጃ ለዊልቸሩ ባለቤት የመንገዱ መጨረሻ ነው።

በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቆማችሁ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ አሁን ያለው ምንድን ነው፣ ረቂቁ ምን ይላል፣ ልዩነቱ ማንን ይነካል። የመንገድ ስፋት በግምት አይጻፍም፤ በጠባቡና በሰፊው ቦታ ላይ ለኩ። የጎርፍ መውረጃውን ተከተሉ። ቀበና፣ ግንፍሌ ወይም ባንትይከቱ ዳር የምትኖሩ ከሆነ በክረምት ውኃው እስከ የትኛው ግድግዳ እንደሚደርስ ነዋሪው ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን የውኃ ምልክት ከመሬት ለክታችሁ ፎቶ አንሡት። ይህ ከሳተላይት ምስል የማይገኝ መረጃ ነው፤ ባለሙያዎቹም በደስታ ይቀበሉታል።

ካርታ የማይመዘግባቸውን ነገሮችም ጻፉ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የት ይተከላል? ለሠርግስ? ጉሊት የሚቸረችሩት እናቶች ደንበኞቻቸው የሚመጡት ከየትኛው ታክሲ ማራገፊያ ነው? የታቦት መውጫና መግቢያ መንገድ የትኛው ነው? የእሳት አደጋ መኪና ወይም አምቡላንስ እስከ የት ይገባል? አንድ ሰፈር ሰፈር የሚሆነው በእነዚህ ነው። በፕላኑ ላይ ቦታ ካላገኙ ደግሞ በኋላ ማንም ቦታ አይሰጣቸውም፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላ ድንኳን መትከያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

በአንድነት ቁሙ፣ ልዩነታችሁን ግን አትደብቁ

አንድ ሰው ስለ ግቢው የጻፈው ደብዳቤ «የግል ጥቅም» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የሰፈሩ ዕድር ተወያይቶ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ አባላቱ ፈርመውበት የሚያቀርበው ግን ሌላ ክብደት አለው። ዕድር አባላቱን የሚያውቅ፣ መዝገብ ያለው፣ በሰፈሩ የታመነ ተቋም ነውና አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይልቅ ለዳኛውና ለጸሐፊው ነገሩን አስረድታችሁ ከወርኃዊው ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ጠይቁ።

ይሁን እንጂ በሰፈር ውስጥ ያሉ ሰዎች ጥቅም አንድ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ተቀበሉ። ባለካርታው ቦታው ላይ ጂ+4 ከመፈቀዱ ሊጠቀም ይችላል፤ በግቢው የተከራየው ቤተሰብ ደግሞ በዚያው ምክንያት ሊወጣ ይችላል። የቀበሌ ቤት ነዋሪዋ የምትፈልገው ከሰፈሩ ሳትርቅ መኖር ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ያለው መንገዱ እንዲሰፋ ይፈልግ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ በአንድ «የሰፈሩ ሕዝብ አቋም» ስር ጠቅልሎ ማቅረብ በስብሰባው ዕለት ይፈርሳል፤ አንዱ ተነሥቶ «እኔ አልተስማማሁም» ሲል ደብዳቤው በሙሉ ተዓማኒነቱን ያጣል። ይልቅ ሰነዱን ለሁለት ክፈሉት፦ በመጀመሪያው ክፍል ሁላችሁም የተስማማችሁበትን፣ በሁለተኛው የተለያየ አስተያየት ያለበትን ከነምክንያቱ አስፍሩ።

ሴቶች የሚገኙበትን ሰዓት ምረጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚመች ሰፈር አለ፤ ሌላው ጋ ማታ ከሥራ መልስ ይሻላል። ስብሰባው ሁልጊዜ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ከሆነ የሚናገሩት ጡረተኞችና የቤት ባለቤቶች ብቻ ይሆናሉ።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ባለይዞታዎችም ካሉ ንገሯቸው። ውይይቱ ሲያልፍ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ሐሳባቸውን ለዕድሩ በጽሑፍ ቢልኩ ለአስተያየት ይበቃል፤ በስማቸው የሚፈርምላቸው ሰው ግን በኤምባሲ የተሰጠና እዚህ የተረጋገጠ ውክልና ቢኖረው ይመረጣል።

አስተያየቱን ጻፉ

ከሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ አንቀጽ ይኑረው። በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ቦታው የት እንደሆነ፣ ረቂቁ ምን እንደሚል፣ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ማስረጃችሁ ምን እንደሆነ፣ በምትኩ ምን እንዲደረግ እንደምትጠይቁ ይታይ። የመጨረሻው ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ አማራጭ የሌለው ተቃውሞ ለባለሙያው ሥራ አያቀልለትም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በብዙ ደብዳቤ ላይ የሚገኘው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «መንገዱ ያለ አግባብ ሰፍቶ ነዋሪውን የሚጎዳ ስለሆነ መንግሥት ጉዳያችንን በአንክሮ እንዲመለከትልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።» አንባቢው የትኛው መንገድ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ፤ ቦታውም ቁጥሩም ለማሳያ የተፈጠረ ነው፦

«በመንገድ አውታር ካርታው ላይ ከቦኖው እስከ ድልድዩ ያለው የውስጥ መንገድ 12 ሜትር ስፋት ተሰጥቶታል። አሁን ያለው ስፋት በጠባቡ ቦታ 4 ሜትር ከ20፣ በሰፊው 6 ሜትር ነው። በ12 ሜትር ቢከፈት 17 ግቢዎች ይነካሉ፤ ዝርዝራቸው በአባሪ 1፣ የልኬት ፎቶዎቹ በአባሪ 2 ተያይዘዋል። መንገዱ ድልድዩ ጋ ስለሚያበቃ የሚያስተናግደው የሰፈሩን ተሽከርካሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ስፋቱ ወደ 8 ሜትር ዝቅ እንዲል፣ ይህ ካልተቻለ መስፋቱ በምዕራብ በኩል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ብቻ እንዲሆን እንጠይቃለን። 8 ሜትር ለእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ በቂ ነው።»

ይህን ያነበበ ባለሙያ ወይ ይቀበላል፣ ወይ ለምን እንደማይቀበል ምክንያት ለመስጠት ይገደዳል። ሁለቱም ለእናንተ ይጠቅማሉ።

የካሳና የምትክ ቦታ ጥያቄን እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አታስገቡ። ይህን በጥብቅ የምናገረው የብዙ ሰፈሮች ውይይት የሚበላሸው በዚህ ስለሆነ ነው። መድረኩ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ «ካሳው ስንት ነው?» ይሆናል፤ ቀጣዩም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ሰብሳቢው «እሱ በሕጉ መሠረት ይታያል» እያለ ይመልሳል፤ ሰዓቱ ያልቃል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ጎርፉ ማንም ሳይናገር ረቂቁ «ሕዝብ ተወያይቶበታል» ተብሎ ያልፋል። ካሳ የሚያስጨንቀው ሰው መጨነቁ ተገቢ ነው፤ ጭንቀቱ ግን የራሱ ደብዳቤና የራሱ ሕግ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የካሳንና የመልሶ ማቋቋምን ጉዳይ ከመደንገጉ ሌላ፣ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በተናጠል ወይም ተደራጅተው ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ አድርጓል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡ። ራሳችሁ ለማልማት ካሰባችሁ ለፕላኑ የምትጽፉት አስተያየት ይህን እንዲያመቻች አድርጉት፤ ለምሳሌ የቦታ ሽንሸናው ለትልቅ ባለሀብት ብቻ በሚሆን ስፋት እንዳይከፈል መጠየቅ ይቻላል።

በስብሰባው ዕለት

ተናጋሪዎችን አስቀድማችሁ መድቡ፤ አንድ ሰው አንድ ነጥብ ብቻ ይያዝ። አንዱ ስለ ጎርፍ፣ ሌላዋ ስለ ትምህርት ቤቱ መንገድ፣ ሦስተኛው ስለ ሕንፃ ከፍታ ይናገር። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ምስጋናና መግቢያ አሳጥራችሁ ካርታው ላይ ቦታውን በማመልከት ጀምሩ። ስትቀመጡ የጽሑፍ አስተያየቱን ቅጂ ለሰብሳቢው ስጡና በቃለ ጉባኤው ላይ መቅረቡ እንዲመዘገብ ጠይቁ።

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን እንደሆነ እወቁ። ከመበተናችሁ በፊት የተያዘው እንዲነበብ በትሕትና ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። የፊርማ ወረቀት ሲዞር ከላይ ያለውን ርዕስ ሳታነቡ አትፈርሙ። «የተገኙ ተሳታፊዎች» የሚል ከሆነ መፈረማችሁ መገኘታችሁን ብቻ ያሳያል። «በፕላኑ የተስማሙ» የሚል ከሆነ ወይም ርዕስ ከሌለው ከፊርማችሁ ጎን «ተገኝቻለሁ፤ አስተያየቴን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ» ብላችሁ ጻፉ።

መድረኩን የሚመሩት ባለሙያዎች ጠላቶቻችሁ አይደሉም። ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰፈር እንዲጨርሱ የታዘዙ ወጣት ፕላነሮችና አርክቴክቶች ናቸው። ትክክለኛ መረጃ ይዞ የመጣ ነዋሪ ሲያገኙ ስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ይህ ትውውቅ ከስብሰባው በላይ የሚረዳችሁ ጊዜ ይመጣል።

ከስብሰባው በኋላ

በማግሥቱ የጽሑፍ አስተያየቱን ለክፍለ ከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት ገቢ አድርጉ፤ ግልባጩን ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ለከተማዋ ፕላንና ልማት ቢሮ፣ አካባቢያችሁን ለሚወክለው የከተማ ምክር ቤት አባል ላኩ። እያንዳንዱ ቅጂ ማኅተም ይኑረው። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለእያንዳንዱ ነጥብ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁ፣ እና የተስተካከለው ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት እንድታዩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መመላለስ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከዕድሩ ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቅ፤ የሄዳችሁበትን ቀን፣ ያነጋገራችሁትን ባለሙያ የሥራ መደብና የተሰጣችሁን መልስ በአንድ ደብተር ላይ መዝግቡ። ሁለተኛው ረቂቅ ሲወጣ ቀድሞ ካነሣችሁት ፎቶ ጋር በነጥብ በነጥብ አስተያዩ። የተለወጠውን አመስግኑ፤ ያልተለወጠውን ደግማችሁ ጻፉ።

መልስ የሚሰጣችሁ ካጣችሁ ወይም የጠየቃችሁት መረጃ ከተከለከላችሁ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ማኅተም ያለባቸው ቅጂዎችና የመመላለሻ ደብተሩ አቤቱታውን ራሳቸው ይናገራሉ።

ፕላኑ ሲጸድቅ የመጨረሻውን ካርታና ማብራሪያውን በቅጂ አግኙና በዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ። ከዚህ በኋላ በሰፈሩ የሚሠራ ማንኛውም ሕንፃ የግንባታ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የፕላን ስምምነት መጠየቅ አለበት፤ ስምምነቱም ከዚህ ካርታ ጋር መጣጣም ይኖርበታል። ለአረንጓዴ በተያዘው ቦታ ላይ ቆርቆሮ ሲታጠር ወይም ጂ+2 በተፈቀደበት መሬት ላይ አምስተኛ ወለል ሲወጣ ካያችሁ ካርታውን ይዛችሁ ወደ ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የምታቀርቡት ጥቆማም ልክ እንደ አስተያየቱ ቦታውን፣ ቀኑንና ካርታው የሚለውን የያዘ ይሁን።